ከገበታችን ሳንርቅ ክብደት መቀነስ፣ የቀነሰውንም መጠበቅ፦ ለባሕር ዳር ሰው ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ ክብደት ለመቀነስ የሚያስፈልግ ምግብ ሁሉ በእጃችን ነው። አሳው ከጣና ይወጣል። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል። ሎሚው ከዘጌ ይመጣል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ሰው ክብደት ልቀንስ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው እንጀራ መተው፣ ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ መጠጣትና እራት መዝለል ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ኪሎውም ይወርዳል። ከዚያ አንድ ሠርግ ወይም ፋሲካ ይመጣና ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንዳንዴ ጨምሮ ይመለሳል።

እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው። ለመቀነስ የምትበሉት አበላል፣ ከቀነሳችሁም በኋላ የምትኖሩበት መሆን አለበት። ለሁለት ወር ብቻ የሚቻል አበላል የሚሠራውም ለሁለት ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንጀራ ላይ፣ ወጥ ላይ፣ ጾምና ፍስክ ላይ፣ እንግድነት ላይ የተመሠረተ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት ያለባችሁ

የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ምግብ ስትቀንሱ ስኳራችሁ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ስላለበት ከሐኪማችሁ ጋር ሳትመካከሩ አትጀምሩ። የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስዱም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች፣ ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች፣ ከዚህ በፊት ራሳቸውን በረሃብ ወይም ሆን ብሎ በማስመለስ ያሠቃዩ ሰዎች ይህንን መመሪያ ለብቻቸው አይከተሉ። ሳታስቡት ክብደታችሁ እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የአመጋገብ ጉዳይ አይደለም፤ መመርመር ያስፈልጋል።

እርምጃ 1፦ መለካት

ሁለት ነገር ለኩ፤ ክብደትና ወገብ። ወገብን በልብስ ሰፊ ሜትር፣ እምብርት አካባቢ፣ ሆድ ሳይሳብ፣ ትንፋሽ ወጥቶ። የወገብ ልክ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ85 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ቦርጭ ላይ ትኩረት የሚደረገው ለመልክ ብቻ አይደለም። ሆድ ውስጥ የሚከማች ስብ ከስኳር፣ ከግፊትና ከልብ ሕመም ጋር በጣም የተያያዘ ስለሆነ ነው።

ክብደታችሁን በሳምንት አንድ ቀን ተመዘኑ። ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ ቢሆን ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ ፋርማሲ ወይም መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ብቻ ሁልጊዜ አንዱ ጋ ሂዱ። ሚዛን ከሚዛን ይለያያል፤ ዛሬ አንዱ ጋ ነገ ሌላው ጋ እየሄዳችሁ ቀነስኩ ጨመርኩ ማለት አይቻልም። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ወይም ደብተር ላይ ከነቀኑ ጻፉት።

ስንት ልቀንስ? የጉርምስና ኪሎዬን ካላገኘሁ ብሎ መነሳት ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል። ካላችሁበት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን ግፊትንና የደም ስኳርን ያሻሽላል። 90 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ ከ4.5 እስከ 9 ኪሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2002 (ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት የጥናት ዓመቶችም እንዲሁ) ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ለስኳር ሕመም የተቃረቡ ሰዎች የክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ግብ ሰጥቶ ነበር። በእነዚህ ሰዎች ላይ በስኳር የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ።

ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቢሆን ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ኪሎ ቢወርድ አትደነቁ፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት ያከማቸው ስታርች ሲያልቅ አብሮት የተያዘው ውሃ ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት ፍጥነቱ ሲቀንስ "አልሠራልኝም" ብለው የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው። ያኔ የሚወርደው ግን በአብዛኛው ስብ ነው። በጣም በፍጥነት መቀነስ ደግሞ ጡንቻ ይበላል፣ የሐሞት ከረጢት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል።

እርምጃ 2፦ የዘይቱን ጀሪካን መቁጠር

ከሁሉም እርምጃ ለዚህኛው ብዙ ቦታ እሰጣለሁ። ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ ሳይታይ የሚገባው ካሎሪ ዘይት ነው። አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ዘይት 9 ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ወጥ ሲሠራ ግን ዘይት በማንኪያ የሚለካ ሰው ብዙ የለም። ከጀሪካኑ ዝም ብሎ ይንቆረቆራል።

እንዲህ አድርጉ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ስትከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ጎኑ ላይ ጻፉበት። ሲያልቅ ስንት ቀን እንደቆየ ቁጠሩ። አንድ ባለ 5 ሊትር ዘይት 41,000 ካሎሪ ገደማ አለው። አራት ሰው ያለበት ቤት በ30 ቀን ከጨረሰው ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 340 ካሎሪ ደርሶታል ማለት ነው፤ ከዘይት ብቻ። ያው ጀሪካን 45 ቀን ቢቆይ በሰው 225 ገደማ ይሆናል። ማንም ሰው ምግብ ሳይቀንስ፣ ማንም ሳይራብ፣ በቀን 110 ካሎሪ ከመላው ቤተሰብ ላይ ወረደ። ለኪስም ያግዛል።

እንዴት 45 ቀን ይቆያል? ሽንኩርቱን በደረቁ በማቁላላት ነው። እናቶቻችን ዶሮ ወጥ ሲሠሩ የሚያደርጉት ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። ሽንኩርቱ በደንብ ይከተፍና ድስቱ ውስጥ ያለ ዘይት ይገባል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ውሃው መጥጦ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። ሽንኩርቱ ቀልቶ ሲልም በርበሬው ይገባል፤ አሁንም በውሃ። ዘይቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፣ ለአራት ሰው ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሳትሰስቱ ጨምሩ፤ ዘይቱ ሲቀንስ ጣዕሙን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው ሌላ ሰው ከሆነ ማንኪያዋን ጀሪካኑ እጀታ ላይ በክር እሰሯት። ከብዙ ንግግር ይልቅ ማንኪያዋ እዚያ መኖሯ ይሠራል።

ቅቤም ያው ዘይት ነው፤ በካሎሪ አይለይም። ሽታው ስለሚበረታ ግን ጥቂቱ ይበቃል። መጨረሻ ላይ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል ማድረግ መጀመሪያ ላይ ከሚቁላላ ብዙ ቅቤ የበለጠ ይሸታል።

እርምጃ 3፦ እንጀራውን ማወቅ

እንጀራ ጠላት አይደለም። ጤፍ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ አሰር (ፋይበር) አለው፣ ብረትም አለው። ችግሩ መጠኑ ነው። የቤታችሁን እንጀራ አንድ ቀን ሚዛን ላይ አስቀምጡት። 300 ግራም ከመዘነ ወደ 400 ካሎሪ ይጠጋል። በምሳ አንድ ተኩል፣ በእራት አንድ ተኩል የሚበላ ሰው ከእንጀራ ብቻ 1,200 ገደማ አግኝቷል፤ ወጥ ሳይቆጠር።

ዱቄቱም ይለያያል። በእኛ አካባቢ ጤፍ ሲወደድ የፎገራ ሩዝ ይቀላቀልበታል። እንጀራው ነጭና ለስላሳ ይሆናል፤ አሰሩ ግን ያንሳል። መቀላቀል ካለባችሁ ዳጉሳ ብትመርጡ ይሻላል። መልኩ ይጠቁር እንጂ ሆድ ይይዛል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። አራት እጅ የሚገባበት ገበታ ላይ የራስን ድርሻ ማን ያውቃል? ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት ለብቻችሁ ሰሃን ያዙ። ዓይናችሁ እስኪለምድ ብቻ ነው፤ ለቤተሰቡም ይኼንኑ ንገሩ። ሰሃኑን እንዲህ ሙሉት፦ ግማሹ አትክልት፣ ማለትም ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ አሳ ወይም እንቁላል፤ የቀረው ሩብ እንጀራ። በእንጀራ ሲተረጎም ግማሽ እንጀራ አካባቢ ነው። ለቀን ሠራተኛና ቆሞ ለሚውል ሰው አንድ ሙሉ ሊያስፈልግ ይችላል።

ዓይናችሁ ሲለምድ ወደ ትሪው ተመለሱ። ትሪው ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛው ጉርሻው ነው። ትንሽ እንጀራ ብዙ ወጥ እንዲይዝ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ብዙዎቻችን የምንጎርሰው ተቃራኒውን ነው። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ትሪው ሥር የሚቀረው፣ ወጥ የጠጣው እንጀራ ነው። ዘይቱ ሁሉ ተጠራቅሞ ያለው እዚያ ነው። ደግሞ ከሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው፤ አውቃለሁ። ሁለት ጉርሻ ቀምሳችሁ እጃችሁን ታጠቡ።

ፍርፍር በእንጀራ ለብቻው ይጠቀስ። እንጀራ በዘይት ተፈርፍሮ በእንጀራ ሲበላ እጥፍ ነው። ፍርፍር ካማራችሁ ያለ ተጨማሪ እንጀራ፣ በማንኪያ ብሉት።

እርምጃ 4፦ አሳና ጥራጥሬ፤ ሆድ የሚይዘው

ሰው አመጋገቡን የሚተወው ስለሚርበው ነው። ረሃብን የሚያስታግሱት ደግሞ ፕሮቲንና አሰር ናቸው። ፕሮቲን ክብደት ስንቀንስ ጡንቻ እንዳይሄድም ይከላከላል።

እዚህ ላይ የጣና ሰው ዕድለኛ ነው። 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ካሎሪው ግን 130 አካባቢ ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ምግብ ማግኘት ቀላል አይደለም። የሚያበላሸው አጠባበሳችን ነው። ያው አሳ ዱቄት ተለውሶ በዘይት ባሕር ውስጥ ሲጠበስ ካሎሪው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሐይቁ ዳር ባሉት ምግብ ቤቶች አብዛኛው የሚመጣው እንዲህ ሆኖ ነው። ጉላሽ ወይም በከሰል የተጠበሰ አሳ ካለ እሱን እዘዙ።

ቤት ውስጥ እንዲህ ሞክሩት። ግማሽ ኪሎ አጥንቱ የወጣ አሳ ለሦስት ሰው ይበቃል። ሎሚ፣ ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ቀብታችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት። ሰፋ ባለ ድስት ሁለት ራስ ሽንኩርት በውሃ አቁላሉ፤ ሦስት ቲማቲም፣ ቃሪያና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ቲማቲሙ ሲፈርስ አሳውን ላዩ ላይ ደርድራችሁ ክደኑት። አታማስሉት፤ ይፈረካከሳል። በትንሽ እሳት አስር ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ሥጋው ነጥቶ በሹካ ሲነካ በቀላሉ ከተለያየ በስሏል። አምባዛ ከሆነ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ይጨመርለት። ጥሬ አሳ ግን አትብሉ። ከጥገኛ ትሎች ጋር የሚመጣ ጣጣ አለው።

አሳ በየቀኑ አይገዛም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ግን የሁልጊዜ ናቸው። በተለይ ንፍሮ ይመከራል። ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ የሚመጣውን ረሃብ አንድ ስኒ የሽምብራ ንፍሮ ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። ቆሎ ደህና ነው፤ ግን ደረቅ ስለሆነ እፍኙ ብዙ ካሎሪ ይይዛል፤ አንድ እፍኝ ቆጥሮ መዝጋት ነው። ኦቾሎኒ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ያልቃል። ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲ የበዓል ይሁኑ።

እርምጃ 5፦ የሚጠጣው

በቀን አራት ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 48 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ነው። ሻዩ ብቻውን ጨረሰው። በአንድ ጊዜ አትተዉት፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል። ቡና ያለ ስኳር ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል።

አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ 30 ግራም የሚያልፍ ስኳር አለው። አንድ ቢራ 140 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ማታ ሐይቅ ዳር ሦስት ቢራ የጠጣ ሰው ካሎሪው ከአንድ ሙሉ እንጀራ ይበልጣል፤ ጥብሱም ከዚያ ላይ ነው። ጠላም ጠጅም አልኮል ናቸው፤ አልኮል በግራም 7 ካሎሪ ነው። አምቦ ውሃ ዜሮ ነው፤ ሎሚ ጨምቃችሁበት ጠጡ።

ጁስ ላይ ሰው ይከራከረኛል። ፍራፍሬ አይደለም ወይ? ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ተፈጭቷል፣ ስኳርም ተጨምሯል፣ በሁለት ደቂቃም ይጠጣል። ያንኑ ማንጎ በቢላ እየቆረጣችሁ ብትበሉት አንዱ ያጠግባችኋል። ጁስ ቤት ከገባችሁ "ያለ ስኳር፣ ትንሽዋን" በሉ፤ ማንም አይገርመውም።

እስካሁን ያለውን እንደምር። ከዘይት 110፣ ሻዩን ወደ አንድ ማንኪያ ካወረዳችሁ 130 ገደማ፣ ከምሳና ከእራት ተደምሮ ግማሽ እንጀራ ብቻ ብትቀንሱ 200። በጠቅላላው 440 ካሎሪ። የመክሰሱ ቦምቦሊኖ ሲቀር በቀን ከ500 ያልፋል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ የሚያወርደው ይህን ያህል ነው። ማንም ሰው ከገበታ አልተነሳም።

ኪቶ ይሻላል ወይስ ጾም?

ኪቶ፣ ማለትም ስታርችና ስኳርን ከሞላ ጎደል የሚያስቀር አበላል፣ ይሻላል ወይስ በተወሰነ ሰዓት ብቻ መብላት ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ስለሆኑ አጭር መልስ እሰጣለሁ። በ2018 ውጤቱ የወጣ የስታንፎርድ ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ቡድን ቅባት፣ ሌላውን ደግሞ ስታርችና ስኳር እንዲቀንስ አደረገ። ከዓመት በኋላ ሁለቱም ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ የሚያወላዳ ልዩነት አልነበረም። በ2022 ቻይና ውስጥ 139 ሰዎች ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ካሎሪ ቀንሰው በቀን በስምንት ሰዓት ውስጥ ብቻ የበሉና ያንኑ ካሎሪ በፈለጉት ሰዓት የበሉ ሰዎች ተቀራራቢ ውጤት አገኙ። ሁለቱም ጥናቶች የሚያሳዩት መቀጠል የምትችሉትን መምረጥ እንዳለባችሁ ነው። እንጀራ ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ኪቶ ለእኛ ቤት አይቀጥልም ባይ ነኝ። ሰዓት መገደብ ግን ለጾመኛ ሰው የለመደው ነገር ነው።

"የሚያከሳ ሻይ" እየተባለ የሚሸጠውን አትግዙ። ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ቅጠሎች አሉባቸው፤ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። እንዲህ ባሉ ምርቶች ውስጥ በድብቅ ተቀላቅሎ ከተገኙት መድኃኒቶች አንዱ ሲቡትራሚን ነው። በልብ ላይ በሚያመጣው ጉዳት አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ በ2010 ከገበያ የወጣ ነው።

እርምጃ 6፦ ጾምና ፍስክ

"ጾም ሲገባ እቀንሳለሁ" የሚል ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ይቀንሳል። ብዙው ግን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ይጨምራል፤ ለምን እንደሆነም አይገባውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ይቆያል። ከዚያ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዳቦና ድንች ጥብስ በዘይት ይበላል። ሥጋና ወተት ስለሌለ ሆድ የሚይዝ ነገር የለም፤ ማታ ደግሞ እንደገና ይርበዋል። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ምግብ አይደለም።

ስለዚህ በጾም ቀን የመጀመሪያው ጉርሻ ጥራጥሬ ይሁን፤ ምስር፣ ሽሮ፣ የባቄላ ስልጆ ወይም አዚፋ። ከዚያ ጎመን። ፓስታና ሩዝ ካለ ከእንጀራው ጋር ሳይሆን በእንጀራው ፋንታ። ሱፍና ተልባ ገንቢ ናቸው፤ ቅባታቸው ብዙ ስለሆነ ግን ፍትፍቱን ቆጥባችሁ ብሉ። በጾም አሳ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ይህ የየሰው የእምነት ጉዳይ ነው። የማትበሉ ጥራጥሬውን አብዙ።

ረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው። ጾም ሲፈታ ሁለት ሦስት ተምርና ሾርባ፣ ከዚያ ሶላት፣ ከሶላት መልስ ዋናው ምግብ። በመሐል ያቺ ትንሽ ዕረፍት ብዙ ሳምቡሳ ታስቀራለች። ለስሁር ዳቦና ሻይ ብቻ ከመብላት እንቁላል ወይም ፉል ቢጨመር ቀኑን ይይዛል።

ፋሲካ ላይ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። በዓሉ ራሱ አንድ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ሰውን አያወፍርም። የሚያወፍረው ከዚያ በኋላ ሁለቱ የሳምንቱ ቀላል ቀናት ጠፍተው ዶሮው፣ ቅቤውና ሥጋው ለሰባት ሳምንት ሲቀጥል ነው። በበዓሉ ቀን በደስታ ብሉ። በማግስቱ ግን ወደ ሰሃናችሁ ተመለሱ፤ በእነዚያ ሳምንታት በሳምንት ሁለት ቀን አሳ ወይም ጥራጥሬ ብቻ የሚበላበት ቀን ለራሳችሁ መድቡ።

እርምጃ 7፦ ሰው ቤት

እዚህ ነው ብዙው የሚወድቀው፤ በረሃብ ሳይሆን በይሉኝታ። ባዶ ሆድ ይዞ ግብዣ አይኬድም። ከቤት ሳትወጡ አንድ እንቁላል ወይም ጥቂት ንፍሮ ብሉ። ስታገኙት ቶሎ ቶሎ አትጉረሱ፤ ሰሃኑ ባዶ ሲሆን ይጨመርላችኋልና ከሰው ኋላ ጨርሱ።

"በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!"

"እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። በጣም ነው የጣፈጠኝ። ትንሽ ልረፍና በኋላ ከቡናው ጋር እቀምሳለሁ።"

ይህ መልስ ባለቤቷን አያስቀይምም። "አልበላም፣ እየቀነስኩ ነው" ማለት ግን ክርክር ይከፍታል። ጉርሻ ሲመጣ ተቀበሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ቢባልም ሁለተኛውን በፈገግታና በእጅ ምልክት ማሳለፍ ይቻላል፤ ወይም ቀድማችሁ አጉርሱ።

ሌላም አለ። ስትቀንሱ "ምነው ከሳህ? አሞሃል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። እኛ ዘንድ መወፈር የድሎት፣ መክሳት የችግር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ሰው የሚጠይቀው በክፋት አይደለም። "ሐኪም ቀንስ ብሎኝ ነው፣ ደህና ነኝ" በቂ ነው። ለቅርብ ቤተሰብ ግን ቀድማችሁ ብትነግሩ ይሻላል፤ እናት ስትጨነቅ ምግብ ትጨምራለችና።

እርምጃ 8፦ የቀነሰውን መጠበቅ

ክብደት ሲቀንስ ሰውነት ዝም ብሎ አይቀበለውም። ቀለል ያለ አካል የሚያቃጥለው ያንሳል፤ ረሃብ ደግሞ ይጨምራል። በ2011 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ክብደት ከቀነሱ ሰዎች ደም ውስጥ የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖችን ለካ፤ ከዓመት በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሱም ነበር። ስለዚህ ከቀነሳችሁ በኋላ ቶሎ ቢርባችሁ ይህ ስንፍና አይደለም፤ የሚጠበቅ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት የጠበቁ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። የቀነሱበት መንገድ ይለያያል፤ የጠበቁበት ግን ይመሳሰላል። አብዛኞቹ ቁርስ ይበላሉ፣ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይመዘናሉ፣ ቴሌቪዥን ፊት ብዙ አይቀመጡም፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ።

መንቀሳቀስ ለብቻው ብዙ አይቀንስም። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ የሚያቃጥለው 150 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ከአንድ ማንኪያ ዘይት ብዙም አይበልጥም። ለመጠበቅ ግን ወሳኝ ነው። ከተማችን ደግሞ ሜዳ ናት፣ የሳይክል ከተማ ናት። ለአጭር መንገድ ባጃጅ ከመያዝ በእግር ወይም በሳይክል ሂዱ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ የሐይቁ ዳር መንገድ አለ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ ብቻ 760 ሜትር ይሆናል። ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ከጓደኛ ጋር ቢሆን ይመረጣል። ዳገት ለሚወድ ቤዛዊት አለ።

ግባችሁ ላይ ስትደርሱ ያቆማችሁትን ሁሉ በአንድ ቀን አትመልሱ። በየሳምንቱ ትንሽ ጨምሩ፤ ለምሳሌ በምሳ ሩብ እንጀራ። ሚዛኑ ቆሞ ከሰነበተ ልካችሁ እሱ ነው። ዘይቱና ስኳሩ ግን እንደ ቀነሰ ይቆይ፤ እነሱ የሚመለሱ አይደሉም።

ከዚያ አንድ የማንቂያ ቁጥር ያዙ፦ ከደረሳችሁበት ክብደት 2 ኪሎ በላይ። 78 ላይ ከቆማችሁ ቁጥሩ 80 ነው። ሚዛኑ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት 80 ካሳየ ሳትውሉ ሳታድሩ የመጀመሪያውን ሰሃን መልሳችሁ አውጡ፣ ጀሪካኑ ላይ ቀን ጻፉ፣ የሻዩን ስኳር ቁጠሩ። 2 ኪሎ በአንድ ወር ገደማ ይወርዳል። 10 ሲሆን ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል።